የሌላውን ሥርዓት ሶፍትዌር በራስ ኮምፒዩተር ላይ ማሠራት፦ የአንድ ካርድ ታሪክና ትምህርቱ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር በመጠኑ ትንሽ ነው። በአንድ እጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነው። ስሙ ሶፍትካርድ ይባላል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1980 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፥ ዋጋውም 349 ዶላር ነበር። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ይህ ካርድ አፕል 2 በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ በተሰካ ጊዜ፥ ኮምፒዩተሩ ለእርሱ ያልተጻፉትን፥ ቋንቋቸውንም ከቶ የማያውቀውን ፕሮግራሞች ማሠራት ይጀምራል።

ከአርባ ዓመት በላይ ስላለፈው አንድ ካርድ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። መልሴ፥ ካርዱ አሮጌ ቢሆንም ጥያቄው አሮጌ አይደለም የሚል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየላቦራቶሪውና በየፋብሪካው፥ ሠሪው ማምረቱን ያቆመው ማሽን፥ እርሱንም ካልሆነ በሌላ ላይ የማይሠራ ፕሮግራም፥ በዚያም ፕሮግራም ብቻ የሚነበብ መዝገብ አለ። ማሽኑ አንድ ቀን ሲቆም መሐንዲሱ ተጠርቶ፥ «ይጣል ወይስ ይዳን?» ተብሎ ይጠየቃል። የሚጣለው ብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከብረቱ ጋር የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ሥራ አብሮ ይጣላል። በሁለት ሥርዓቶች መካከል ድልድይ መሥራት የሚቻለው መቼ ነው? የማይቻለውስ መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሶፍትካርድ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም።

ችግሩ ከምን ተነሣ?

በ1970ዎቹ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር ማለት ይቻላል። የአንደኛው ጎራ መነሻ ኢንቴል በ1974 ያወጣው 8080 የተባለው ፕሮሰሰር ነው። ከኢንቴል የወጣው ፌዴሪኮ ፋጂን ከባልደረቦቹ ጋር ዛይሎግ የተባለውን ኩባንያ መሥርቶ፥ በ1976 ዜድ80ን አወጣ። ይህ ፕሮሰሰር የ8080ን ትእዛዞች እየተቀበለ የራሱንም የሚጨምር ስለነበረ፥ ለ8080 የተጻፈው ፕሮግራም በእርሱም ላይ ይሠራ ነበር። የሁለተኛው ጎራ መነሻ ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ በ1975 ያወጣው 6502 ነው። ይህ ፕሮሰሰር በ25 ዶላር ይሸጥ ስለነበረ፥ ገንዘብ የሌላቸው ወጣት መሐንዲሶች ሁሉ ወደ እርሱ ፊታቸውን አዞሩ። ከእነርሱም አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ በ6502 ላይ መሥርቶ አፕል 2ን ሠራ፤ ኮምፒዩተሩም በ1977 ለገበያ ቀረበ።

በ8080ና በዜድ80 ጎራ አንድ ታላቅ ሀብት ተከማችቶ ነበር። ጋሪ ኪልዳል የተባለው ምሁር በ1974 ሲፒኤም የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጻፈ። ሲፒኤም በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በተሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ሁሉ ይሠራ ስለነበረ፥ ለእርሱ የተጻፈ አንድ ፕሮግራም ገበያው ሰፊ ነበር። በ1978 የወጣው ዎርድስታር የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ፥ የመዝገብ አያያዝ ፕሮግራሞች፥ የፎርትራንና የኮቦል ቋንቋ አጠናቃሪዎች ሁሉ በሲፒኤም ላይ ነበሩ። አፕል 2 በበኩሉ በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ነበረው፤ ባለቤቶቹም ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። ነገር ግን አፕል 2 ያለው ሰው ከሲፒኤም ሀብት ምንም ሊካፈል አይችልም ነበር። ለዜድ80 መደመርን የሚያዝዘው ቁጥር ለ6502 ፍጹም ሌላ ትርጉም አለውና።

ሦስት መንገዶች

የአንዱን ሥርዓት ፕሮግራም በሌላው ላይ ለማሠራት በመሠረቱ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ ነው። ይህ ንጹሕ መንገድ ቢሆንም፥ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ከሌለም አይቻልም። ሁለተኛው አስመሳይ ፕሮግራም፥ ማለትም ኤሙሌተር መጻፍ ነው። ይህም የእንግዳውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ አንድ በአንድ እያነበበ በባለቤቱ ትእዛዞች የሚፈጽም ነው። ነገር ግን አንዱን የእንግዳ ትእዛዝ ለመፈጸም ብዙ የባለቤቱ ትእዛዞች ያስፈልጋሉ። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ምት ብቻ ለነበረው ለአፕል 2 ይህ የማይታሰብ ነበር። ሦስተኛው መንገድ እንግዳውን ፕሮሰሰር ራሱን አምጥቶ በባለቤቱ ማሽን ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ማይክሮሶፍት በጊዜው ለ8080 ጎራ የጻፋቸው ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ነበሩት። እነዚህን ሁሉ ለ6502 እንደገና መጻፍ ዓመታት ይፈጃል። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ፖል አለን፥ ፕሮግራሞቹን ወደ ፕሮሰሰሩ ከማምጣት ይልቅ ፕሮሰሰሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ማምጣት ይቀላል ሲል አሰበ። ሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው ቲም ፓተርሰን የመጀመሪያውን ናሙና ሠራ፤ ዶን በርቲስ የተባለው መሐንዲስ ደግሞ ንድፉን ለፍጻሜ አበቃው። የሶፍትዌር ኩባንያ የሆነው ማይክሮሶፍት በዚህ ምክንያት ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ ሆነ።

ባለቤቱና በሩ

ድልድዩ እንዲሠራ መጀመሪያ ያስፈለገው የባለቤቱ በር ክፍት መሆኑ ነው። ዎዝኒያክ በአፕል 2 ውስጥ ስምንት የካርድ መሰኪያዎችን አድርጎ ነበር። በእነዚህ መሰኪያዎች የአድራሻ መስመሮች፥ የዳታ መስመሮችና የምት መስመሮች ሁሉ ይደርሳሉ። ከእነርሱም መካከል አንዱ መስመር ለጉዳያችን ዋና ነው። አንድ ካርድ ይህን መስመር ወደ ዜሮ ቮልት ዝቅ ባደረገው ጊዜ 6502 ከአድራሻና ከዳታ መስመሮች ላይ እጁን ያነሣል፤ ካርዱም በእርሱ ፈንታ ሜሞሪውን በቀጥታ ይገዛል።

በሩ ክፍት መሆኑ ብቻም አልበቃም፤ በጽሑፍ የተገለጸ መሆን ነበረበት። አፕል በ1978 ባሳተመው መምሪያ መጽሐፍ የማሽኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ ንድፍና በውስጡ ያለውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ዝርዝር ለገዢዎች ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ከአፕል ጋር ምንም ውል ያልነበረው መሐንዲስ፥ የእያንዳንዱን መስመር ጠባይ ከመጽሐፉ አንብቦ ካርድ ሊሠራ ቻለ። አፕል ሶፍትካርድን አላሰበውም፤ አላዘዘውምም። ያደረገው ነገር ቢኖር፥ ያላሰበው እንግዳ ሊገባ የሚችልበትን በር ክፍት ትቶ የበሩን ልክ መጻፉ ነው።

እንግዳውና ጠባቡ መተላለፊያ

ሁለተኛው ሁኔታ በእንግዳው በኩል የሚገኝ ነው። ሲፒኤም የተጻፈው የማሽኑን ብረት የሚነካው ክፍል ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ነው። ባዮስ የሚባለው ይህ ክፍል በሲፒኤም 2.2 ላይ 17 መግቢያዎች ብቻ አሉት። አንዱ ከቁልፍ ሰሌዳ አንድ ፊደል ይቀበላል፤ አንዱ በመስኮቱ ላይ አንድ ፊደል ያወጣል፤ ሌሎቹ ዲስክ ይመርጣሉ፥ ያነብባሉ፥ ይጽፋሉ። የቀረው የሲፒኤም አካልና በላዩ ያሉት ፕሮግራሞች ከእነዚህ 17 መግቢያዎች በስተጀርባ ምን ዓይነት ማሽን እንዳለ አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ሲፒኤምን ወደ አፕል 2 ለማምጣት መጻፍ የነበረበት ይህ ጠባብ ክፍል እንጂ ሥርዓቱ በሙሉ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለሙያችን አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ኪልዳል ይህን መለያ ያበጀው ስለ አፕል አስቦ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ለየኮምፒዩተሩ እንደገና መጻፍ ስለ ሰለቸው ነው። ዎዝኒያክም መሰኪያዎቹን ያበጀው ስለ ሲፒኤም አስቦ አይደለም። ሁለት ሰዎች፥ ሳይነጋገሩ፥ እያንዳንዳቸው ድንበራቸውን ጠባብና ግልጽ ስላደረጉ፥ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ሊያገናኛቸው ቻለ።

የአድራሻዎች ዝውውር

አሁን ወደ ሥራው ውስጥ እንግባ። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ሊደርሱበት ይችላሉ። ይህን ሜሞሪ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት በሆኑ፥ ከ0 እስከ 15 በተቆጠሩ 16 ክፍሎች ከፍለን እንመልከተው።

ሲፒኤም ክፍል 0ን የግድ ይፈልጋል። ፕሮግራሞች ሥርዓቱን የሚጠሩበት በር በአድራሻ 5 ላይ ነው፤ ፕሮግራሞቹም ከአድራሻ 256 ጀምረው ይሰፍራሉ። በአፕል 2 ላይ ግን ክፍል 0 የተያዘ ነው። 6502 ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት የመጀመሪያው 256 ባይት፥ የጥሪዎቹን መመለሻ የሚያኖርበት ቀጣዩ 256 ባይት፥ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ጽሑፍም ሁሉ በዚያ አሉ። ክፍል 12 ደግሞ ሜሞሪ አይደለም፤ የቁልፍ ሰሌዳው፥ የዲስኩና የካርዶቹ አድራሻ ነው። እንግዲህ ባለቤቱና እንግዳው ሁለቱም አንድ ክፍል ይፈልጋሉ፤ የባለቤቱም ዕቃ በቤቱ መካከል ተቀምጧል።

ካርዱ ይህን ችግር የፈታው በዜድ80ና በአድራሻ መስመሮቹ መካከል ገብቶ አድራሻን በማዛወር ነው። ዜድ80 ከክፍል 0 እስከ 10 ብሎ የሚጠራቸው በአፕል ላይ ከ1 እስከ 11 ያሉት ናቸው። 11፥ 12ና 13 የሚላቸው የአፕል 13፥ 14ና 15 ናቸው። 14 የሚለው የአፕል ክፍል 12፥ ማለትም የዕቃዎቹ ክፍል ነው። የመጨረሻው 15 ደግሞ የአፕል ክፍል 0 ነው። በዚህ ዝውውር እንግዳው ከ0 ጀምሮ የተያያዘና ያልተነካ ሜሞሪ ያገኛል፤ የባለቤቱም ዕቃዎች ሁሉ ወደ መጨረሻው ጫፍ ተገፍተው አይረብሹትም። 6502 በበኩሉ ምንም የተለወጠበት ነገር የለም።

ሒሳቡንም ልብ በሉ። 48 ኪሎባይት ያለው አፕል 2 ከክፍል 0 እስከ 11 ሜሞሪ አለው፤ ክፍል 0 ለባለቤቱ ሲቀር 11 ክፍሎች፥ ማለትም 44 ኪሎባይት ለሲፒኤም ይተርፋል። ተጨማሪ የሜሞሪ ካርድ ካለ ከ13 እስከ 15 ያሉት ሦስት ክፍሎች ይጨመሩና 56 ኪሎባይት ይሆናል።

በአንድ ቤት ሁለት አዛዦች

ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ሜሞሪ ላይ በአንድ ጊዜ ማዘዝ አይችሉም። ስለዚህ በተራ ይሠራሉ። ከመካከላቸው አንዱ የካርዱ በሆነው የተወሰነ አድራሻ ላይ በጻፈ ጊዜ ሥልጣኑ ወደ ሌላው ይዛወራል። የሚጻፈው ቁጥር ምንም ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ መጻፉ ብቻ ነው።

ነገር ግን የዚያን ዘመን 6502 ፈጽሞ ሊቆም የሚችል ፕሮሰሰር አይደለም። በውስጡ የያዛቸውን ቁጥሮች የሚያኖረው እየመነመነ በሚሄድ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ፥ ምቱ ለረጅም ጊዜ ቢቋረጥበት የያዘውን ይረሳል። ረጅም ጊዜ ስል በማይክሮሴኮንድ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ካርዱ 6502ን ከሥራ ሲያግደው እንኳ በየመካከሉ ምት እየሰጠ፥ ወደ ፊት ሳይራመድ ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል።

የፍጥነቱም ነገር ማስተዋል የሚያስፈልገው ነው። አፕል 2 ሜሞሪውን በፕሮሰሰሩና ምስሉን በመስኮቱ ላይ በሚያወጣው ክፍል መካከል በየምቱ እኩሌታ ያካፍላል። እንግዳው በዚህ ተራ መግባት ነበረበት። የካርዱ ዜድ80 በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ያህል ምት ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ሜሞሪን ለመጎብኘት ቢያንስ 3 ምት ስለሚፈልግ ግን፥ የሚጠይቀው አፕል 2 ሊሰጠው ከሚችለው አይበልጥም። ከዚህም፥ የሁለት ልዩ ልዩ ፕሮሰሰሮችን ምት ብቻ አነጻጽሮ አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይፈጥናል ማለት ስሕተት መሆኑን እንረዳለን። 6502 በየምቱ ሜሞሪን ሲጎበኝ ዜድ80 በየሦስቱና በየአራቱ ነውና።

ሥራን ለሚያውቀው መተው

የንድፉ ታላቅ ብልኅነት የሚታየው በዲስኩ ላይ ነው። የአፕል 2 የዲስክ መቆጣጠሪያ በጥቂት ሰርኩዊቶች የተሠራ ሲሆን፥ የቀረውን ሥራ 6502 በፕሮግራም ይፈጽመዋል። ከዲስኩ በየ32 ማይክሮሴኮንድ አንድ ባይት ይመጣል። አንባቢው ፕሮግራም የእያንዳንዱ ትእዛዝ ጊዜ ተቆጥሮ የተጻፈ ነው። ይህን ለዜድ80 እንደገና መጻፍ አስቸጋሪ ነበር፤ አስፈላጊም አልነበረም። ሲፒኤም ዲስክ ለማንበብ በፈለገ ጊዜ ዜድ80 የሚፈለገውን የ6502 ፕሮግራም አድራሻ ሁለቱም በሚያዩት የሜሞሪ ክፍል ላይ ይተውና ሥልጣኑን ያስረክባል። 6502 ያነብባል፤ የተነበበውን በሜሞሪ ላይ ያኖራል፤ ሥልጣኑንም ይመልሳል። ከዎርድስታር በኩል ሲታይ ግን ከ17ቱ መግቢያዎች አንዱ ተጠርቶ መልስ ሰጠ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

እንግዲህ እንግዳው ባለቤቱን አላባረረውም፤ ባለቤቱም እንግዳውን ለመምሰል አልሞከረም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ።

ካርዱ ያልተሻገራቸው ድንበሮች

ስለ ካርዱ በጎነት ብቻ ተናግሬ ብተው እውነቱን አጉድዬ እሆናለሁ። መጀመሪያ፥ አፕል 2 በመስኮቱ ላይ በአንድ መስመር 40 ፊደሎች ብቻ ያወጣ ነበር፤ ያም በትልልቅ ፊደሎች ብቻ። እንደ ዎርድስታር ያሉት ፕሮግራሞች ግን 80 ፊደሎችን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ገዢው ሌላ የመስኮት ካርድ መግዛት ነበረበት፤ ብዙ ጊዜም የሜሞሪ ካርድ። በ349 ዶላር የተጀመረው ነገር በዚያ አይቆምም ነበር።

ሁለተኛውና ዋናው፥ ካርዱ ፕሮሰሰሩን አመጣ እንጂ ዲስኬቱን አላመጣም። በአፕል 2 ዲስኬት ላይ ፊደሎች የሚጻፉበት የመግነጢስ አጻጻፍ ዎዝኒያክ የፈለሰፈው ነው፤ የሌሎቹ የሲፒኤም ኮምፒዩተሮች ሌላ ነው። በሌላ የሲፒኤም ማሽን የተጻፈውን ዲስኬት የአፕል ድራይቭ ሊያነብበው አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት የሲፒኤም ኮምፒዩተሮች ቢኖሩት፥ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፕሮግራም እየሠራ፥ የጻፈውን ደብዳቤ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በዲስኬት ሊያሻግር አይችልም። ወይ የፕሮግራሙን ሻጭ የአፕል ዲስኬት መጠየቅ፥ ወይም ሁለቱን ማሽኖች በሽቦ አገናኝቶ ማስተላለፍ ነበረበት። ፕሮግራም መሻገሩና ዳታ መሻገሩ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ልዩነት ዛሬም ብዙ ዕቅዶችን ያደናቅፋል።

ውጤቱና ተከታዩ

ይህ ሁሉ ጉድለት እያለበት ካርዱ ታላቅ ተቀባይነት አገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች 5,000 ያህል እንደ ተሸጠ፥ በ1980ም ለማይክሮሶፍት ከሁሉ የበለጠውን ገቢ እንዳስገኘ ይነገራል። የአፕል 2 ባለቤት ማሽኑን ሳይጥል የሁለት ዓለም ሀብት ባለቤት ሆነ።

ነገር ግን የታሪኩ ተከታይ ክፍል ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። የካርዱን ናሙና የሠራው ቲም ፓተርሰን በዚያው ዓመት ኢንቴል 8086 ለተባለው አዲስ ፕሮሰሰር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጻፈ። ለዚያ ፕሮሰሰር የሚሆነው ሲፒኤም ዘግይቶ ነበርና። ሲጽፈውም ፕሮግራሞች ሥርዓቱን የሚጠሩበትን መንገድ በሲፒኤም አምሳል አደረገው። የዚህም ምክንያት ለ8080 የተጻፉት ፕሮግራሞች በቀላሉ ተተርጉመው እንዲመጡለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ሥርዓት በ1981 ገዛው፤ በነሐሴ 1981 ከወጣው ከአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋርም ዶስ ተብሎ ተሰራጨ። ሁለተኛው ድልድይ ያለ ካርድ የተሠራ፥ በመግቢያዎቹ መመሳሰል ላይ ብቻ የቆመ ድልድይ ነበር። የመጀመሪያውን ድልድይና የሻገረውን ሥርዓት ራሱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ያስወጣቸውም እርሱ ነው።

ሌላ ዓይነት አከፋፈል

እንግዳውን ለማስተናገድ ሜሞሪን መጋራት የግድ አይደለም። ከሶፍትካርድ በኋላ ለአፕል 2 ከተሠሩት የዜድ80 ካርዶች መካከል የራሳቸው 64 ኪሎባይት ሜሞሪ የነበራቸው አሉ። እነዚህ ካርዶች የአድራሻ ዝውውርም ሆነ ተራ መጠበቅ ሳያስፈልጋቸው በራሳቸው ፍጥነት ይሠሩ ነበር፤ ዋጋቸው ግን የሜሞሪውንም ይጨምራል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኤኮርን የተባለው ኩባንያ በ1981 ባወጣው ቢቢሲ ማይክሮ ላይ፥ ቲዩብ የተባለ ለሁለተኛ ፕሮሰሰር ብቻ የታሰበ መገናኛ ነበር። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከነሜሞሪው በሌላ ሣጥን ይቀመጣል። ባለቤቱ ማሽን የቁልፍ ሰሌዳውን፥ የመስኮቱንና የዲስኩን ሥራ ይሠራለታል። ሁለቱም በዚያ መገናኛ በኩል መልእክት ይለዋወጣሉ። በዚህ መንገድ ዜድ80 ተሰክቶ ሲፒኤም ይሠራ ነበር።

በዚያው በር የገባ አንድ ሌላ እንግዳ ግን መጠቀስ አለበት። የኤኮርን መሐንዲሶች የራሳቸውን አዲስ ፕሮሰሰር ነድፈው በሚያዝያ 1985 የመጀመሪያው ናሙና በእጃቸው ሲገባ፥ የቁልፍ ሰሌዳና መስኮት ሆኖ ያገለገለው ያው ቢቢሲ ማይክሮ ነው። ያ ፕሮሰሰር አርም ይባላል። ዛሬ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ የሚሠራው ፕሮሰሰር ከእርሱ ዘር የመጣ ነው። ለአሮጌ ፕሮግራሞች መሻገሪያ ተብሎ የተከፈተ በር ለአዲስ ነገር መወለጃ ሆነ።

የዛሬው ሁኔታ

ዛሬ ሁለተኛው መንገድ፥ ማለትም አስመሳይ ፕሮግራም፥ በ1980 ያልነበረው አቅም አለው። አንድ ተራ ኮምፒዩተር አፕል 2ን፥ በውስጡም ሶፍትካርድን፥ በዚያም ላይ ሲፒኤምን ያለ ችግር ያስመስላል። ይህም የተቻለው የሁሉም ንድፍ በጽሑፍ ስለ ቀረ ነው። ብረቱ ግን እያለቀ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የተመረተው ዜድ80 በተለየ ቺፕነቱ ምርቱ እንደሚቆም ዛይሎግ በ2024 አስታወቀ፤ የመጨረሻው የትእዛዝ ቀንም በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ላይ ነበር። ሕጉም ከብረቱ ያልተናነሰ ድርሻ አለው። የሲፒኤም መብት ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ኖሮ፥ በ2022 ባለቤቱ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፥ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በግልጽ ፈቀደ። ያለዚህ ፈቃድ የቴክኒኩ ድልድይ ቢሠራም ሕጋዊ መሻገሪያ አይሆንም ነበር።

ለሥራችን የሚሆን መደምደሚያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፥ ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራችን የሚሆኑ አራት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፥ አሮጌ ማሽን ሊጣል ነው በተባለ ጊዜ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ስንት ያወጣል የሚለው አይደለም። በእርሱ ላይ ብቻ የሚሠራው ፕሮግራምና በእርሱ ብቻ የሚነበበው መዝገብ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛ፥ ዳታው ከፕሮግራሙ በፊት ይዳን። ፕሮሰሰር በሌላ ሊተካ ወይም ሊመሰል ይችላል፤ መግነጢሱ የጠፋ ዲስኬት ግን በምንም አይተካም። ሦስተኛ፥ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሻል በፋሽን ሳይሆን በመዝገብ ይወሰን። የምንጭ ጽሑፉ አለን? ማሽኑ ከሌላ መሣሪያ ጋር በጊዜ የተያያዘ ሥራ ይሠራል? ፈቃዱስ በማን እጅ ነው? ጊዜው በማይክሮሴኮንድ የተቆጠረ ሥራ ከሆነ፥ በሶፍትካርድ እንደ ታየው፥ ለሚያውቀው ለአሮጌው ፕሮሰሰር መተዉ ይሻላል።

አራተኛውና ዋናው ወደ ፊት የሚመለከት ነው። አዲስ መሣሪያ ስንገዛ የመገናኛዎቹ መግለጫ በጽሑፍ እንዲሰጠን በውሉ ውስጥ እናስገባ፤ ራሳችን ስንነድፍም ብረቱን የሚነካውን ክፍል ከሌላው እንለይ፤ ድንበሩንም እንጻፍ። ሥራችንን በኋላ ማን እንደሚወስደውና በምን ማሽን ላይ እንደሚያውለው ልናውቅ አንችልም። ዎዝኒያክና ኪልዳልም አላወቁም። የሚጠበቅብን የሚመጣውን መተንበይ አይደለም፤ ለሚመጣው ሰው በሩንና የበሩን ልክ ትቶ መሄድ ነው።